የቀጭኔን ልብ ያስተማሩን መምህር ይልቃል

መምህር ይልቃል ማረፋቸውን የሰማሁት በዩኒቨርሲቲው ካፌ የምሳ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ሰቆጣ አብራኝ የተማረችው ትርንጎ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ቲቸር ይልቃል አረፉ።»

«የትኛው ይልቃል?» አልኳት። የማውቀው ይልቃል አንድ ብቻ ነው።

«የቀጭኔው ነዋ! የኛው!» ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ትናንት ጠዋት ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ በዚያው ወደቁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል ነው የሚሉት። አልነቁም።»

«የደም ግፊቱ ነው?»

«ሌላ ምን ይሆናል ታዲያ።»

ከኋላዬ ያለችው ልጅ «ሂጂ እንጂ፣ ሰልፉ ሄደ» ስትለኝ ሄድኩ። ትሪዬን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመጻፍ ልምድም የለኝም። ነገር ግን ስለ እሳቸው ስጽፍ እንዴት መጻፍ እንዳለብኝ ራሳቸው አስተምረውኛል። «መሰለኝ» የሚል መልስ አይወዱም ነበር። «አየሁ በሉ፤ ካላያችሁ አነበብሁ በሉ፤ ካላነበባችሁ ሰማሁ በሉ። መሰለኝ ግን የሰነፍ መደበቂያ ነው» ይሉን ነበር። ስለዚህ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ እጽፋለሁ።

መምህር ይልቃል ላይ መጀመሪያ የሚታየው አጭርነታቸው ነው። ሰሌዳው ላይ ከፍ ተደርጎ የተጻፈ ነገር ለማጥፋት ዳስተሩን ይዘው ይዘሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከእንስሳት ሁሉ ረጅሟን መርጦ መውደዱ ለተማሪ ትልቅ ድግስ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «ቀጭኔው» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እኛም ወረስነው። ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «ቀጭኔው መጣ!» ብሎ ሲጮህ ለካ በር ላይ ደርሰዋል። እሳቸው ኮሌታቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ማጅራታቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ መቁጠር ጀመሩ።

«እኔ በአንገቴ ሰባት አጥንት አለኝ» አሉ ሲጨርሱ። «ቀጭኔም ያላት ሰባት ነው፤ የእሷ እየረዘመ ነው እንጂ ቁጥሩ አይበልጥም። አንተስ ስንት አለህ?»

«ሰባት፣ ቲቸር» አለ ልጁ መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲያው ተሰዳደብን እንጂ አልተበላለጥንም። ተቀመጥ።»

አገራቸው ጎጃም ነው። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዜማው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም፤ ፈተና ሲቆጣጠሩ በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩ ነበር። ሰቆጣ ሲመደቡ እንደ ሌሎቹ መምህራን በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ያስገቡ እንደነበር፣ ከዚያ ግን ማመልከት እንደተዉ ሰምቻለሁ። ለምን እንደተዉ ሲጠየቁ «የሚዘዋወረው ደም ነው፤ እኔ ተቀምጫለሁ» ይሉ ነበር አሉ። ተማሪውን በስሙ ሳይሆን በመጣበት አገር ይጠሩታል። እኔ «ጽጽቃ» ነበርኩ። ትርንጎ «አምደወርቅ» ነበረች።

ቀጭኔ በዋግ የለችም። ከእኛ መካከል በዓይኑ ያያት አልነበረም፤ እሳቸውም አላዩዋትም። አንድ ቀን «ቲቸር፣ እርስዎ አይተዋት ያውቃሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «አላየኋትም። አነበብኋት» አሉኝ። የባዮሎጂ መጽሐፋችን ስለ ቀጭኔ የሚያወራው ስለ አንገቷ ብቻ ነው፤ አንገቷ እንዴት እንደረዘመ ተናግሮ ያልፋል። እሳቸውን ይሄ ያናድዳቸው ነበር። «መጽሐፉ አንገቷ ላይ ቆመ! ጉዱ ያለው ከአንገቷ በታች ነው እኮ!»

ያን ጉድ ያሳዩን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን አዲስ ክፍል እየተሠራ ነበር። መምህር ይልቃል ከግንበኞቹ የውሃ ልክ የሚያዩበትን፣ ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ ተውሰው መጡ። በቀይ ሥር የቀላ ውሃ ጨመሩበት። አንዱን ጫፍ የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሽቅብ አሰሩና፣ ወንበር ላይ ወጥተው ምሰሶው ላይ በጠመኔ ታችና ላይ ምልክት አደረጉ።

«የታችኛው የቀጭኔዋ ልብ ነው። የላይኛው ጭንቅላቷ ነው። መካከሉ ሁለት ሜትር ይሆናል። ልቧ ደሙን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ማድረስ አለበት። ማነው ጉልበተኛ?»

ሲሳይ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ነው፤ ደረቱ የቤት በር ያህላል። የጎማውን ሌላ ጫፍ አፉ ውስጥ ከቶ ነፋ። ቀዩ ውሃ ምሰሶውን ተከትሎ ወጣ፣ ወጣ፣ ከምልክቱ ገና ብዙ ሲቀረው ተንቀጠቀጠና ተመልሶ ወረደ።

«ጨምር ሲሳይ! ዓይንህ ሊፈርጥ ነው!»

«ቁርስ አልበላም ቲቸር፣ ይደገምለት!»

«ለበረኛነት እንጂ ለልብነት አልተፈጠረም!»

ሲሳይ ደገመ። ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ በመጨረሻ ጎማውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቅን። መምህር ይልቃልም ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ደስ ሲላቸው ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

«ሲሳይን ያቃተውን የቀጭኔ ልብ በእያንዳንዱ ምት ይሠራዋል፤ ቆማም፣ ተኝታም። ስለዚህ የደም ግፊቷ የእኛን እጥፍ ነው። እኛ ያን ያህል ቢኖረን ልባችን ይደነድናል፣ ኩላሊታችን ይበላሻል፣ የጭንቅላታችን ደም ሥር ይፈነዳል። እሷ ግን በዚያ ግፊት ታድጋለች፣ በዚያ ግፊት ትወልዳለች፣ በዚያ ግፊት ታረጃለች። እንዴት?»



እሳቸው እንዳነበቡት የነገሩን ይህ ነው። ተመራማሪዎች የቀጭኔን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ፊደል በፊደል አንብበው ከሌሎች እንስሳት ጋር አስተያዩት፤ አንገተ አጭር ከሆነችው ዘመዷ ከኦካፒ ጋር ጭምር። አብዛኛው ይመሳሰላል። ጥቂት ቦታ ላይ ግን ሌላ ፍጥረት ዘንድ የሌለ ለውጥ ተገኘባት። በጣም ተለውጦ ከተገኘው አንዱ «ኤፍ ጂ ኤፍ አር ኤል ዋን» የሚባል ጂን ነው። እኛ «ረጅሙ ስም» አልነው። ያን የቀጭኔ ለውጥ ወስደው አይጥ ላይ አስገቡት። ከዚያ ለአይጦቹ ግፊት የሚያስነሣ መድኃኒት ሰጧቸው። ተራዎቹን አይጦች ግፊት ያዛቸው፤ ልባቸውና ኩላሊታቸው ተጎዳ። የቀጭኔ ጂን ያላቸው ግን ምንም አልሆኑም። እንዲያውም አጥንታቸው ከሌሎቹ የጠነከረ ሆነ።

«አንገታቸውስ ረዘመ፣ ቲቸር?» አለ ሲሳይ ከተቀመጠበት።

«አልረዘመም። አንገት የብዙ ጂን ሥራ ነው። ይህኛው ልብንና አጥንትን ነው የያዘ።»

ትርንጎ እጇን አወጣች። ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር። «ታዲያ እግዚአብሔር አይደለም የፈጠራት ማለት ነው?»

«አምደወርቅ፣ ደራሲው ማነው አላልሁሽም እኮ። የተጻፈውን ነው የምናነብ።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ሁሉ የተሰጠውም ፍጥረት የለም። ዓይኗ ሩቅ ያያል፤ ማሽተቱ ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። እንቅልፍም እንደ ልቧ አትተኛ። እግሯ ላይ ያለው ቆዳ ደም ወርዶ እንዳያብጥባት እንደ ጠባብ ካልሲ ቀፍድዶ ይዟታል። በነጻ ያገኘችው የለም።»

ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን ተናገሩ። «እኔ የደም ግፊት አለብኝ። ክኒን እውጣለሁ። ሲብስብኝ ቁጥሩ ወደ እሷ ይጠጋል፤ ጂኔ ግን አይጠጋም።»

«የእሷን ቢያስገቡልዎስ?» አለ ሲሳይ። ሊያጽናናቸው ፈልጎ ነው።

«መጀመሪያ አይጥ መሆን አለብኛ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ «ለሰው ገና ነው። በእኔ ዕድሜ አይደርስም» አሉ፤ ወንበር ላይ ወጥተውም ጎማውን መፍታት ጀመሩ።

ቤተሰቦቼ ጽጽቃ ስለሆኑ ሰቆጣ የምማረው ቤት ተከራይቼ ነበር። ግቢው የእማማ ዝማም ነው። መምህር ይልቃልም እዚያው፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ ለብዙ ዓመት ተከራይተው ኖረዋል። እማማ ዝማም ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለቱም ወንድ ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ታናሹ ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። መምህር ይልቃልን «ልጄ» ነበር የሚሉት፤ ሲቆጡ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ይቆጧቸዋል፤ እሳቸውም ብዙውን አይሰሙትም፤ ግን «እሺ እማማ» ይላሉ።

እማማ ዝማምም ግፊት ነበረባቸው። ሁለቱም የሚውጡት አንድ ዓይነት ክኒን ነበር። ልዩነታቸው እማማ ዝማም የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ መሆኑ ነው። በፍልሰታ ደግሞ ጭራሽ ይተዉታል። አንድ የፍልሰታ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁና ሰው ደግፎ አመጣቸው። ያን ዕለት መምህር ይልቃል በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ አየሁ፣ ሰማሁም።

«ጾም ነው ልጄ! በጠዋት ክኒን ውጬ እንዴት ብዬ እቆርባለሁ?»

«ጾሙ ሲፈታ ይዋጡታ።»

«ጾሙ ሲፈታማ ራሴ ይሻለኛል። ላላመመኝ ነገር ምን ብዬ ነው የምውጥ?»

«ግፊት እኮ ሳያምም ነው የሚገድል፣ እማማ!»

«ሳያምም የሚገድልስ እግዜር ብቻ ነው።»

መሬቱ ላይ በእንጨት ልብ ሣሉላቸው፤ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አሳዩዋቸው። እማማ ዝማም በትዕግሥት ተመለከቱና «ልቤንስ የሠራው ያውቀዋል» ብለው ገቡ።

በሚቀጥለው እሑድ መምህር ይልቃል የእማማ ዝማምን የነፍስ አባት አባ መርሻን ይዘው መጡ። ምን ተነጋግረው እንደመጡ አልሰማሁም። አባ መርሻ መደቡ ላይ ተቀመጡና እማማ ዝማምን በክርስትና ስማቸው ጠሩዋቸው።

«ወለተ ማርያም፣ ቀኖና ልሰጥሽ መጥቻለሁ።»

እማማ ዝማም ደንግጠው ተነሡ። «ምን አጠፋሁ አባቴ?»

«የተሰጠሽን ነፍስ ቸል ብለሻል። ጉልበትሽ ደክሟልና ስግደት አላዝሽም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባታችን ሆይ ትደግሚና ከዚህ ክኒን አንድ ፍሬ ትውጫለሽ። ጾምም ቢሆን፣ ፍስክም ቢሆን፣ ቢያምሽም ባያምሽም።»

«እስከ መቼ?»

አባ መርሻ ወደ መምህር ይልቃል አዩ። መምህር ይልቃል ጫማቸውን ያዩ ነበር።

«እስክፈታሽ ድረስ።»

እማማ ዝማም መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሲያስታጉሉ አላየሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ቢሆኑ «ቀኖናዬ ደረሰ» ብለው ይነሣሉ። ሴቶቹ «ዝማም ምን የከበደ ኃጢአት ሠርታ ይሆን?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። መምህር ይልቃል ግን ሎተሪ የደረሰው ሰው መሰሉ። «ልብ ሥዬ ያቃተኝን መስቀል አደረገው» አሉኝ። «ቆሎ ለምኜ የተማርሁት ዛሬ ጠቀመኝ።» የእማማ ዝማም እግር ስለሚያብጥ የሁለቱንም ክኒን ከመድኃኒት ቤት የሚያመጡት እሳቸው ሆኑ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ። የዋግ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ ዘይት ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ መድኃኒት። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቶቹ «በሳምንቱ ተመለሱ» ይሉ ነበር፤ በኋላ ሰው በር ላይ ሲደርስ ገና ከውስጥ እጃቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ሁሉም አለቀ።

እማማ ዝማም ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ፍሬ ይውጣሉ። እኔ ይህን መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ መምህር ይልቃል ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን እሽግ እየፈለፈሉ ወደ እማማ ዝማም ብልቃጥ ሲጨምሩ አየሁ። የሚፈለፍሉት የመጨረሻ እሽጋቸውን ነበር።

«ቲቸር፣ እሱ የእርስዎ አይደለም?»

«ጽጽቃ፣ ፈታኝ ሆንሽብኝ እንዴ?»

«አየሁ እኮ። መሰለኝ አላልኩም።»

ብልቃጡን ከደኑት። «እሳቸው ቀኖና ብለው ነው የሚውጡት» አሉኝ። «አንድ ቀን ‹አልቋል› ብላቸው፣ ቀኖናዬ ፈረሰ ይላሉ። የፈረሰ ቀኖና እንደገና አይጀምሩም፤ አውቃቸዋለሁ። እኔ ግን መንገዱ ሲከፈት በማግስቱ እጀምራለሁ።»

«ለሁለት ተካፈሉታ!»

«ለሁለት ቢከፈል ሁለታችንንም አይዝም። ግፊት ሽምግልና አያውቅም። ለእማማ ግን አትንገሪያቸው።»

በዚያው ቀን አባ መርሻ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። በማግስቱ እማማ ዝማም ቤተ ክርስቲያን ሳሉ መጡና ግቢው በር ላይ ቆመው ተነጋገሩ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«ይልቃል፣ ቀኖናውን ልፍታላት።»

«ከፈቷቸው ይተዉታል፣ አባቴ።»

«አንተስ?»

«እኔ ጨው ትቻለሁ። በእግሬ እሄዳለሁ። ዕድሜዬም ገና ነው፤ ቶሎ አይጥለኝም።»

«እግዜር እኮ ልብህን የቀጭኔ አላደረገውም።» የቀጭኔዋ ነገር ከተማውን ሁሉ አዳርሶ ነበር።

«አላደረገውም። ለእሷ ሰጥቶ ጨረሰ።»

አባ መርሻ አልሳቁም። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ ይህን ነገር ስጀምረው ለጽድቅ ነበር» አሉ።

«ጽድቅ ነው አባቴ። አይፍቱ።»

አልፈቱም። መምህር ይልቃል ያለውን ክኒን ሁሉ ለእማማ ዝማም አደረጉት፤ ከሌላ መምህር የተገኘችም፣ ከጽጽቃ በሰው የተላከችም እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ገባች። እሳቸው ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዳቸው ያኝኩ ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ይሸታል፤ ተማሪው አፍንጫውን ይይዛል። ፊታቸው ቀላ። ተቆጥተው የማያውቁት ሰውዬ በትንሹ መቆጣት ጀመሩ፤ አንድ ቀን በጠመኔ ጩኸት ተቆጥተው ጠመኔውን በመስኮት ወረወሩት፤ የራሳቸው ጠመኔ ነበር የጮኸው። ሌላ ቀን ጽሑፋቸው ሰሌዳው ላይ ወደ አንድ ጎን እያዘቀዘቀ ሄደ።

የማልረሳው ክፍለ ጊዜ ቀጭኔ እንዴት ውሃ እንደምትጠጣ ያስተማሩበት ነው። ያን ሁሉ ግፊት ይዛ ጭንቅላቷን ወደ መሬት ስታወርድ ደሙ ለምን አንጎሏን እንደማያጥለቀልቀው፣ ቀና ስትልስ ለምን እንደማይዞርባት። ከአንጎሏ ሥር እንደ መረብ የተሸመነ የደም ሥር እንዳለ፣ የአንገቷ ሥርም ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች እንዳሉት ነገሩን። ለማሳየት እግራቸውን ግራና ቀኝ ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጎንበስ አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቀና ሲሉ ግን ጠረጴዛውን ያዙ። ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆዩ። እኛ የትምህርቱ ክፍል መስሎን መሳቃችንን ቀጠልን። ከአፍንጫቸው ደም ሲወርድ ነው ያቆምነው። በመሀረባቸው ይዘው «ይቅርታ። እሷ እንዲህ አትሆንም» አሉና የቀረውን ቁጭ ብለው አስተማሩን።

ፈተናውን አለፍኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎች በወታደር አጀብ ሲወጡ መምህር ይልቃል መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ዳገቷን ሲወጡ ያርፉ ነበር። መድኃኒት እንደምልክላቸው ነገርኳቸው።

«ስትልኪ ለሁለት ሰው ላኪ» አሉኝ። «ለአንድ ከላክሽ ለማን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ።»

ገዝቼ አስቀመጥኩ። የሚያደርስልኝ መኪና ግን አላገኘሁም። ሰዎች ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል ይሉ ነበር። ትርንጎ የደወለችልኝ ክኒኑ አልጋዬ ሥር ሻንጣ ውስጥ እያለ ነው።

የቀብሩን የሰማሁት ከትርንጎ ነው። አስከሬኑን ወደ ጎጃም መውሰድ ስላልተቻለ ሰቆጣ ተቀበሩ። እናታቸው በሕይወት አሉ። ፍትሐቱ ሲደረስ አንድ መምህር እናቲቱ እንዲሰሙ ስልኩን ከፍቶ ወደ ካህናቱ ዘርግቶ ይዞ ነበር። ኔትወርኩ እየተቆረጠ ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ ሲያገኛቸው አፈሩ ተመልሶ ነበር። «ጨረሳችሁት?» አሉ እናቲቱ።

መንገዱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ለዕረፍት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ነገር የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ ነው፤ ያ ክኒን በእሽግ በእሽግ ተደርድሯል። የእኔንም ይዤ ወደ እማማ ዝማም ግቢ ሄድኩ።

እማማ ዝማም ራሳቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አባ መርሻ አጠገባቸው ነበሩ። የመምህር ይልቃል ክፍል ተቆልፏል። ስሜያቸው ከተላቀስን በኋላ እሽጉን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። አዩት፤ አልነኩትም።

«ትታዋለች» አሉኝ አባ መርሻ። «በለቅሶው መካከል አንዱ ሲናገር ሰምታ። ‹የራሱን ለአከራዩ እየሰጠ ነው የሞተ› ሲል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ፍሬ አልቀመሰችም።»

«ልጄ» አሉኝ እማማ ዝማም። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ። አትንገሪያቸው ብለውኝ ነው።»

«እሱማ እንዲያ ይላል።» አልተቆጡኝም። «እኔ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባታችን ሆይ ብዬ የምውጠው እሱን ኖሯል።»

«ወለተ ማርያም» አሉ አባ መርሻ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም። «እንዲህ አይባልም። አሁንም ቀኖና አድርጌ አዝሻለሁ። ክኒኑን ውሰጂ።»

እማማ ዝማም ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ዞሩ። «አባቴ፣ ያን ጊዜ ኃጢአት ሳይኖርብኝ ይህን ቀኖና ሰጡኝ። ፈጸምሁት። አሁን የሰው ነፍስ አለብኝ። ለዚህኛውስ የሚሰጡኝ ምንድን ነው?»

አባ መርሻ መስቀሉን ጨብጠው ወደ መሬት አዩ።

እኔ ሞከርኩ። በአማርኛ ጀመርኩ፣ ከዚያ በኽምጣኛ። የተማርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። መምህር ይልቃል የሞቱት በእሳቸው ምክንያት እንዳልሆነ፤ መድኃኒቱን ያጠፋው የተዘጋው መንገድ እንደሆነ፤ ግፊት ከእናት አባት የሚወረስ ሊሆን እንደሚችል፤ ሳይሰማ ልብን እንደሚያደነድን፤ አሁን መድኃኒቱ ሞልቶ እያለ እሳቸው ቢተዉት የመምህር ይልቃል መስጠት ከንቱ እንደሚቀር። ስለ ቀጭኔዋም ነገርኳቸው፤ ለእሷ የተሰጣት ለሰው እንዳልተሰጠ፣ ለሰው የተሰጠው ይህች ክኒን እንደሆነች። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

እስክጨርስ ድረስ ዓይኔን እያዩ አዳመጡኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ዳሰሱኝ።

«አስተምሮሻል» አሉ።

እሽጉን ከጉልበታቸው አንሥተው እጄ ላይ መለሱት፤ ጣቶቼንም በላዩ ላይ አጠፉት።

«በዚህ አገር ግፊት ያለበት መምህር አይጠፋም። ፈልጊና ለሱ ስጪው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እማማ ዝማም አባታችን ሆይን በለሆሳስ ደገሙ፤ ሲጨርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አባ መርሻ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ነበርን። ሰዓቱ አለፈ፤ ሦስታችንም ከዚያ አልተነሣንም።